እጅ ያልገባበት ቴፕ ፍለጋ

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

እናቴ ቤት ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ የጫማ ካርቶን አለ። ዛሬ አቧራውን ጠርጌ አወረድኩት። ውስጡ 23 ካሴት ቆጠርኩ። አብዛኛው ዘፈን ነው፤ ቢበላሽም ኢንተርኔት ላይ አይጠፋም። አንዱ ግን የትም አይገኝም። ወረቀቱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ከጅዳ ለእትዬ፣ 1986» ይላል። አክስቴ የላከችው የድምፅ ደብዳቤ ነው።

ያኔ ከዐረብ አገር ስልክ መደወል ኪስ ያራግፍ ነበር። አክስቴ ደግሞ መጻፍ አይሆንላትም። ቴፕ ፊት ቁጭ ትልና የሆዷን ሁሉ አውርታ ካሴቱን ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ትሰጣለች። እኛ ቤት ካሴት ሲደርስ ቡና ይፈላና ጎረቤት ይጠራል። የራሳችን ቴፕ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ይህን ካሴት ከሰማችው ሃያ ዓመት ያልፋል።

ስለዚህ ሥራው ይኸው ነው፦ ደህና ቴፕ ፈልጎ መግዛት፣ ማስተካከል፣ ካሴቱን ወደ ስልክ መገልበጥ። አሮጌ ሬድዮ መሰብሰብ ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። መደርደሪያዬ ላይ 11 ዕቃ አለ፤ የሚሠሩት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ካሴት አያጫውቱም። እናቴ ሁሉንም በአንድ ስም ትጠራቸዋለች፦ «ጥራጊ»። በየዓመቱ «ለኅዳር 12 ይሆናሉ» እያለች ትዝትብኛለች።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ምናለሽ ተራ፣ መርካቶ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ፣ ከመውረዴ በፊት ያምናውን ስህተቴን ልጻፈው፤ እንዳልደግመው።

አምና ባለሁለት ስፒከር ቴፕ በ3,200 ብር ገዛሁ። ሻጩ ካሴት ከተተና ቮሊዩሙን እስከ ጥግ ወሰደው። ሱቁ ተናወጠ። እኔም ተናወጥኩ፤ ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ስከፍተው ሌላ ታሪክ ነው። ቺንጊያው፣ ሞተሩ ካሴቱን የሚያዞርበት ላስቲክ፣ ከመኪና ከመነዳሪ (ከጎማ የውስጥ ላስቲክ) ተቆርጦ የተሠራ ቀለበት ነው። ለዚያ ነው ዘፋኙ ማዕበል ላይ እንዳለ ሰው የሚወዛወዘው። ፊውዙ ወጥቶ በቦታው የመዳብ ሽቦ ተጠምዝዟል። ሁለት ገመዶች ከቦርዱ ላይ ተነቅለው ሌላ ቦታ ተበይደዋል፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው። ሰው ከፍቶ ከነካካው የሚሠራ ዕቃ፣ እጅ ያልገባበት የሞተ ይሻለኛል። ያልተነካ ዕቃ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይታወቃል፦ ቺንጊያው ቀልጦ ነው፣ የባትሪ ድንጋይ ማስገቢያው ዝጎ ነው፣ ወይም ማብሪያው ውስጥ ቆሻሻ ገብቶ ነው። የተነካካውን ለመጠገን ግን ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ከእኔ በፊት የከፈተው ሰው ምን አስቦ እንደነበርም ማወቅ አለብኝ። እሱን ደግሞ ከየት አመጣዋለሁ?

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ምናለሽ ተራ ጠዋት ሦስት ሰዓት ደረስኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አራት ትልልቁ የባትሪ ድንጋይ፣ ቢበላ የማያሳዝን አንድ ካሴት፣ ትንሽ ካቻቢቴና የስልኬ መብራት። ሌላ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው የጃፓን ዕቃ ነው። ባለሁለት ካሴት፣ ብርማ፣ ጭረት የለውም። ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ጃፓንኛ ነው። እዚህ ላይ ነው መጠርጠር። ሻጩን «ሸገርን አምጣልኝ» አልኩት። መርፌውን ከዳር እስከ ዳር ነዳው። ሹሹታ ብቻ።

«አንቴናው ነው» አለኝ።

አንቴናው አይደለም። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠራ ሬድዮ ኤፍ ኤሙ ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ያበቃል። ሸገር 102.1 ነው፤ ፋና 98.1። መርፌው እዚያ ለመድረስ መንገድ የለውም። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት፤ 100 ቮልት ይላል። እኛ ቤት ያለው መብራት 220 ነው። በድንጋይ ካልሆነ ያለ ትራንስፎርመር አይሞከርም። ለጌጥ ያምራል፤ አመስግኜ አለፍኩ።

ሁለተኛው ሱቅ ያለው ይዘፍናል፤ ያውም ጥርት አድርጎ። የጀርባውን ቪቴዎች (ብሎኖች) አየኋቸው። የሁሉም አናት ተበልቷል፤ ካቻቢቴ እየተንሸራተተ የፋቀው ነው። አንዱ ጭራሽ የለም፤ አንዱ ከሌላ ዕቃ የመጣ ጥቁር ነው። «ተከፍቶ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኩ። «ኧረ ኦሪጅናል ነው!» አለ። ቻው።

ሦስተኛው ቦታ ሽማግሌ ናቸው። ዕቃቸው መሬት ላይ ተዘርግቷል። ከተሰነጠቀ ብሌንደር ሥር ባለአንድ ስፒከር ናሽናል ፓናሶኒክ ተኝቷል። አነሳሁት።

«እሱ ለመለዋወጫ ነው የኔ ልጅ፤ አይሠራም።»

ልቤ የመታው እንግዲህ ያኔ ነው። ስድስቱም ቪቴዎች አናታቸው ንጹሕ ነው። ጉድጓዳቸው ውስጥ ያለው አቧራ እኩል ነው፤ ማንም አልነካውም። አፍንጫዬን የጀርባው ቀዳዳ ላይ አስጠጋሁ። የተቃጠለ ነገር ሽታ ልዩ ነው፤ ዓመት ቢቆይም አይለቅም። የእርጥበትና የአቧራ እንጂ የቃጠሎ ሽታ የለውም። ነቅነቅ አደረግኩት፤ የሚንኳኳ የለም። የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ያዘ። ማቆሚያውን ስጫን ለቀቀ። በመብራት ሄዱን፣ ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን፣ አየሁት። ብዙ የሠራ ሄድ ክሩ የሚያልፍበት ላይ ጣት የሚይዘው ቦይ ይወጣለታል። ይሄኛው ለስላሳ ነው። የጎማ ሮለሯ ደርቃለች ግን አልተሰነጠቀችም።

ሽማግሌው ሊያግዙኝ አሰቡ። ከሥራቸው ማራዘሚያ ጎትተው ስፒናውን ሊሰኩት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ቆይ ጋሼ! ቆይ!»

ጀርባው ላይ፣ ከገመዱ መግቢያ አጠገብ፣ የቮልት መምረጫ አለ። በሳንቲም የምትዞር ትንሽ ክብ ነች። ቀስቷ 127 ላይ ነው የቆመችው። 220 ቢገባበት ትራንስፎርመሩ በደቂቃዎች ይጨስ ነበር። 127 የት አገር ነው? ሳዑዲ። ሳዑዲ ለረጅም ዘመን ብዙ ቤት የሚገባው መብራት 127 ቮልት ነበር። ይህ ቴፕ በሰው ሻንጣ ከዐረብ አገር የመጣ ይመስለኛል። ምናልባትም ከጅዳ ካሴት የላከ ቴፕ ነው ብዬ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ድንጋዮቼን ከተትኩ። ሬድዮው ተንኮሻኮሸ፣ ዝም አለ፣ ቮሊዩሙን ወዲያ ወዲህ ሳዞረው ከሩቅ አንድ ጋዜጠኛ ተናገረ። ካሴት ከትቼ ቁልፉን ተጫንኩና ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ከውስጥ «እ-ዝ-ዝ» የሚል ቀጭን ድምፅ አለ። ሞተሩ ይዞራል፤ ካሴቱ አይዞርም። ቺንጊያ ነው!

ፊቴን እንደምንም ያዝኩት። 1,800 አሉ፣ 1,000 አልኩ፣ 1,200 ላይ ተስማማን። ገንዘቡን ሲቆጥሩ «ምን አገኘህበት?» አሉኝ። «እጅ አልገባበትም» አልኳቸው። ሳቁና «እኔም እኮ አላየሁትም» አሉ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከፈትኩት። መጀመሪያ ፎቶ፤ እያንዳንዱን ደረጃ። ከስድስቱ ቪቴ አምስቱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። ካርቶን ላይ የቴፑን ጀርባ ሥዬ እያንዳንዱን በየቦታው ሰካሁት። አጭሩ ቀዳዳ ውስጥ ረጅሙን የከተተ ሰው ቦርድ ይበሳል፤ በስተርጅና የተማርኩት ነው።

ውስጡ አቧራው እንደ ጋቢ ለብሶታል። አንድ የደረቀ በረሮ አለ። የተበየደው ሁሉ የፋብሪካ ነው። ያበጠ ካፓሲተር የለም። ደስ አለኝ።

ቺንጊያው ግን ቺንጊያ አይደለም፤ ሬንጅ ሆኗል። የዚያ ዘመን አንዳንድ ቺንጊያ ከሌላው ይለያል፤ ሲያረጅ አይደርቅም፣ ይቀልጣል። መዘውሩ ላይ ተጣብቆ እንደ ማስቲካ ይሳባል። አንዴ ጣት ከነካ በሳሙና አይለቅም። ፎጣ፣ በር እጀታ፣ ስልክ፣ ሁሉም ላይ ጥቁር አሻራ ይተዋል። የሚስማማው አልኮልና ትዕግሥት ብቻ ነው።

የድንጋይ ማስገቢያው አንድ ሞላ ላይ አረንጓዴ ዝገት አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፈሰሰው አልካላይን ከሆነ በኮምጣጤ ይጸዳል። ተራው ርካሽ ድንጋይ ከሆነ ግን ፍሳሹ ራሱ አሲድነት ስላለው ቤኪንግ ሶዳ በውኃ ነው የሚሻለው። የኔው የተራው ይመስላል። በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት።

የቮልት መምረጫውን 220 ላይ አዞርኩ። በቀጥታ ግን አልሰካሁም። ከመብራቱ አንዱ መስመር ላይ የድሮውን የሚሞቀውን 100 ዋት አምፖል ጣልቃ አስገባሁ። ዘዴው ቀላል ነው። ዕቃው ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ይበራል፤ ዕቃው አይቃጠልም። ደህና ከሆነ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ብልጭ አለና ደበዘዘ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ 220 ሰው ይገድላል፣ ሲሰካ እጅ ከውስጥ መውጣት አለበት።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ፈለግኩ። የአማርኛው ክፍል ከመጋቢት 1957 ጀምሮ አለ፤ አባቴ በዚህ ሰዓት ቤት ውስጥ ሰው አያስነጥስም ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው። የስልክ ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ የሳሎኑን አምፖል አጠፋሁ፣ ቴፑን በድንጋይ አድርጌ መስኮቱ ጋ ወሰድኩት። መጣ። አጭር ሞገድ የማይሰማ ሬድዮ ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቤቱ ነው።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ከቴፑ ሥራ የወጣ ነገር ነው፤ ግን ይጻፍ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአጎቴ ልጅ ደወለ። ለገና ሲመጣ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ሊያመጣልኝ ነው። «ቮልቱን በትራንስፎርመር እናወርደዋለን አይደል?» አለኝ።

ቮልቱስ ይወርዳል። የአሜሪካ መብራት ግን በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ የእኛ 50። ትራንስፎርመር ይህን አይነካውም። ብዙዎቹ የድሮ ሸክላ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚያ ቁጥር ነው። በደቂቃ 45 መዞር ያለበት ሸክላ እዚህ 37.5 ይዞራል። የአምሃ ሪከርድስን ሸክላ እንዲህ ብታጫውት ዘፋኙ እንቅልፍ የጣለው ሰው ይመስላል። ሞተሩ በዲሲ የሚሠራ ከሆነ ችግር የለም። የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት። «60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ እዚያው ይቅር።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሰፈሩ በሙሉ ጭስ ነው፤ ኅዳር ሲታጠን። እናቴ ጠዋት ደውላ «ያንን ጥራጊህን አቃጠልከው?» አለችኝ። «እያጸዳሁት ነው» አልኳት። ዋሽቼ አይደለም። መዘውሩ ላይ የቀረውን ሬንጅ በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥና በአልኮል ስጠርግ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ዛሬ አለቀ። ሄዱንም ሮለሯንም በዚያው አጸዳሁ። ቮሊዩሙን ሃምሳ ጊዜ ያህል ከዳር እስከ ዳር አዞርኩት፤ መንኮሻኮሹ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ቺንጊያ። በቁጥሩ ገበያ ላይ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ቺንጊያው በሚያልፍበት ሁሉ የስፌት ክር ጠቀለልኩና በማስመሪያ ለካሁት፤ 24 ሴንቲ ሜትር። ላስቲክ መወጠር ስላለበት ከዚያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ማነስ አለበት።

የሰፈራችን ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ጣሳ ሙሉ ቺንጊያ አላቸው፤ ሁሉም ከሞተ ዴክ የወጣ ነው። አንድ በአንድ እየወጠሩ፣ ለብርሃን እያሳዩ፣ ስንጥቅ ያለውን እየጣሉ አንዱን ሰጡኝ። «ትንሽ ወፈር ይላል፤ ይሠራልሃል» አሉ። 150 ብር። ገጠምኩት። ካሴቱ ዞረ!

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ዞረ ማለት በልኩ ዞረ ማለት አይደለም። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው መጓዝ ያለበት። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም፤ በሰዓት ግን ይቻላል። ኢንተርኔት ላይ 6 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ የሚፈጅ ዘፈን ካርቶኑ ውስጥ አገኘሁ። የኔው ቴፕ በ5 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ጨረሰው። አንድ ካሴት ራሱ ሊዋሽ ስለሚችል በሌሎች ሁለት ሞከርኩ። ሁሉም ያው ነው፤ አምስት በመቶ ይፈጥናል። ቺንጊያው ወፈር ያለ መሆኑ ነው ነገሩ፤ የሞተሩን ትንሽ መዘውር እንደማወፈር ነው።

ሞተሩ ጀርባ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር አለች። ውስጧ ፍጥነት ማስተካከያ አለ። ቴፑን በድንጋይ አድርጌ፣ በትንሿ ካቻቢቴ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ የፀጉር ያህል አዞርኩት። 6 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ላይ ተውኩት።

ኅዳር 22፣ እሑድ

የጅዳው ካሴት። እናቴ ቡና እያፈላች ነው፤ ቴፑን በድንጋይ አድርጌ፣ ከነሆዱ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ከምንም በፊት ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለቱን የፕላስቲክ ጥርሶች ሰበርኩ። እነሱ ካሉ ቴፑ ሊቀዳበት ይችላል። የአሮጌ ቴፕ ቁልፍ ደግሞ አይታመንም፤ ሲያጫውት መስሎህ ሲደመስስ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ በቢክ እስክሪብቶ ክሩን እስከ ጫፍ አዞርኩና መለስኩት፤ የተጣበቀ ካለ እንዲላቀቅ። ሳዞር አንድ ነገር ታየኝ። ክሩን ሄዱ ላይ የሚደግፈው ትንሽ ስፖንጅ የለም፤ ሙጫው ደርቆ ወድቋል። ያለ እሱ ድምፁ ከጉድጓድ ይመጣል። ደግነቱ ካሴቱ ባለ ቪቴ ነው። ጥርሶቹ ከተሰበሩ ሌላ ካሴት ሁለቱን መንኮራኩር አውጥቼ የጅዳውን ክር በዚያ ቤት ውስጥ አስገባሁት። እናቴ ጀበናውን ይዛ ቆማ ታየኛለች። እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

ከተትኩ። ተጫንኩ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ…»

እናቴ ጀበናውን አስቀመጠች። ለአሥር ደቂቃ ያህል ማንም አልተናገረም። ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየፈጠነ ሄደ። እናቴ ፊቷን አኮማተረች።

«ይቺ እሷ አይደለችም። የምን ሕፃን ነው?»

ቴፑ በልኩ ነው፤ ትናንት ለክቼዋለሁ። ጥፋቱ ጅዳ ነው። አክስቴ ስትቀዳ ድንጋዩ እያለቀ ነበር። ድንጋይ ሲደክም መቅጃው ይንቀራፈፋል፤ በተንቀራፈፈ ፍጥነት የተቀዳ ደግሞ በልኩ ሲጫወት ይፈጥናል። የትናንት ሰዓት ለዚህ አይረዳም። ካቻቢቴዬን አነሳሁና ቀዳዳዋ ውስጥ ከተትኩ። ቀስ እያልኩ ወደ ኋላ መለስኩት።

«ገና» አለች እናቴ። «ገና… ገና… አለፈ፣ መልሰው። እህ። አሁን እሷ ናት።»

በየሁለት ደቂቃው እንደዚያ አደረግን። እኔ አዞራለሁ፣ እሷ ትዳኛለች። ስልኩ ይቀዳል። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ አለቀ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ አክስቴ አዲስ ድንጋይ ገዝታለች መሰለኝ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። በሰው እጅ የላከችውን ዕቃ ትዘረዝራለች። የሰውየውን ስም ትጠራለች፤ እኔ አልጽፈውም። «አንድ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ሽቶ፣ ለልጁ ጫማ፣ አንድ ትልቅ ቴርሞስ፣ አበባ ያለበት…»

«አቁም» አለች እናቴ።

አቆምኩ።

«መልሰው።»

መለስኩት። ደግማ ሰማችው። ስኒውን አስቀመጠች።

«የምን ቴርሞስ? ቴርሞስ አልደረሰኝም እኮ!»

ስልኳን አንስታ ኢሞ ላይ አክስቴን ስትደውል እኔ የሞተሩን ማስተካከያ ወደ ትናንቱ ቦታ መለስኩና በነጭ ቀለም ምልክት አደረግኩበት። የቀረው ሥራ ቮሊዩሙ ነው፤ አሁንም ይንኮሻኮሻል።